መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የኒኬልና የሞሊብዲነም ቅይጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከሰበታ

ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከሰበታ ከተማ ወጣ ብሎ በተከራየሁት ግቢ፣ ከጓሮ በኩል ያለችውን፣ ከውኃ ሃይድሮጅን የማወጣባትን የቆርቆሮ ክፍል ዛሬ ጠርጌ ጨረስኩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያና ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች ገብተውባታል። ከጣሪያው ክዳን በታች አንድ ክንድ የሚያህል ቆርቆሮ ቆርጬ ክፍት ትቼዋለሁ፤ ሃይድሮጅን ከአየር እጅግ ስለሚቀል ወደ ላይ ወጥቶ ከክዳኑ ሥር ይጠራቀማል፤ ከአየር ጋር ከ4 እስከ 75 በመቶ በሚሆን መጠን ከተቀላቀለም በትንሽ ብልጭታ ይነዳል። ስለዚህ ከመለኪያውና ከኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪክ ወደ ውኃው ከሚገባበት ላሜራ) ሁሉ በፊት መሠራት የነበረበት ይኸው መተንፈሻ ነበር።

ሥራው ውኃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክስጅን መክፈል ነው። መክፈሉ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥያቄው በስንት ቮልት ይከፈላል የሚለው ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት በንድፈ ሐሳብ የሚበቃው 1.23 ቮልት ቢሆንም፣ በተግባር ጋዙ በደህና መጠን እንዲወጣ ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ትርፉ የሚባክነው በሦስት ቦታ ነው፦ ሃይድሮጅን በሚወጣበት በካቶዱ ላይ፣ ኦክስጅን በሚወጣበት በአኖዱ ላይ፣ እንዲሁም በመካከላቸው ባለው ፈሳሽ ውስጥ። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማግኘት በእያንዳንዱ ቮልት 26.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚያስፈልግ፣ የቮልት አንድ ዐሥረኛ የቀነሰ ሰው ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 2.66 ኪሎ ዋት ሰዓት አተረፈ ማለት ነው። ካታሊስት የሚባለው፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያቀልለው ነገር፣ ዋጋው የሚታየው በዚህች ቁጥር ነው።

በካቶድ በኩል እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ፊት ካሉት አንዱ ፕላቲነም ነው፤ በአገራችንም በወለጋ ዩብዶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ፕላቲነም ለእንደኔ ያለ ሰው ጠረጴዛ የሚሆን አይደለም። የአልካላይ ፈሳሽ የሚጠቀም ሰው ግን በኒኬልና ኒኬል ባለባቸው ቅይጦች፣ ለምሳሌ በኒኬልና በሞሊብዲነም ቅይጥ፣ ሊሠራ ይችላል። እኔ ደግሞ ብረታ ብረትን በኒኬልና በክሮም በመለበጥ ሥራ ላይ ለረጅም ዘመን ስለቆየሁ መለበጡ አይከብደኝም። የሚከብደኝ መለካቱ ነው፤ ይህን ማስታወሻም የምይዘው ለዚሁ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአማርኛችን «ብረት» ስንል አንድ ጊዜ ማንኛውንም ብረታ ብረት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝገት የሚበላውን ያንን አንዱን ንጥረ ነገር ማለታችን ነው። እዚህ «ብረት» ያልኩበት ሁሉ ሁለተኛውን ብቻ ይመለከታል፤ ወደ ኋላ ላይ ልዩነቱ ትልቅ ጣጣ ስለሚያመጣ ነው።

ጥቅምት 9 ቀን

መርካቶ ውዬ መጣሁ። ፈሳሹን አልካላይ የሚያደርገውን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ ሳሙና ለሚያመርቱ ሰዎች ከሚሸጥበት ቤት በኪሎ ገዛሁ። ለለበጣው የሚሆኑትን የኒኬልና የሞሊብዲነም ጨዎች፣ ኒኬል ሰልፌቱንና ሶዲየም ሞሊብዴቱን፣ ቀድሞ ከምሠራበት ሙያ ከማውቃቸው አስመጪዎች አገኘሁ። መለኪያ ብርጭቆዎችና ቱቦዎች ከምናለሽ ተራ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ለቅሜ ያወጣኋቸው ናቸው። አንደኛው አንገቱ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ቢኖርበትም መስመሩ በደንብ ይነበባል።

ለኤሌክትሮድ የሚሆነውን ስስ የኒኬል ላሜራ የሸጡልኝ የሊቲየም ባትሪ ለሚገጣጥሙ ሰዎች ዕቃ የሚያቀርቡ ሁለት ነጋዴዎች ናቸው፤ ሁለቱም ንጹሕ ኒኬል ነው ብለዋል። አንደኛው ከሌላው በግማሽ ዋጋ ስለሸጠልኝ ከመንገድ ጀምሮ አላመንኩትም።

ጥቅምት 11 ቀን

ማግኔት እዚህ አይረዳም፤ ኒኬልም እንደ ብረት በማግኔት ስለሚሳብ ሁለቱም ላሜራ ይያዛል። ስለዚህ ከሁለቱም ጥቅል ቁራጭ ቆርጬ፣ ፊታቸውን በሞረድ በጥልቀት ቧጭሬ፣ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት የውዱ ላሜራ ጭረት እንደ ትናንቱ ያብረቀርቃል። የርካሹ ጭረት ግን ከዳር እስከ ዳር የሻይ ቀለም ይዟል፤ ከጭረቱ ሥርም ቡናማ ዝቃጭ ተቀምጧል። በላዩ ስስ ኒኬል የተለበጠ ብረት ነው። ገንዘቡ ሄደ። ላሜራውን ግን አልጣልኩትም፤ «ሐሰተኛው» የሚል ወረቀት ለጥፌበት ከመደርደሪያው ታች አኖርኩት።

ጥቅምት 17 ቀን

ዕቃው ተገጣጠመ። ሁለት ክፍል ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ሲሆን፣ በመካከሉ ጋዞቹ እንዳይቀላቀሉ የፖሊፕሮፒሊን የማጣሪያ ጨርቅ ተወጥሮበታል። ኤሌክትሮዶቹ 5 በ4 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ ርቀታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባቸውን ጋዝ እንዳይወጣበት አልካላይ በማይበላው ሙጫ ሸፍኜዋለሁ።

ፈሳሹ በክብደት 25 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የሚቀመመው በተጣራ የባትሪ ውኃ (አሲድ በሌለበት) ሲሆን፣ ፍንካቹ ቀስ እየተባለ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በፍንካቹ ላይ አይፈስም፤ ሲሟሟ ማሰሮ እንደተጣደበት ያህል ይግላል። መነጽርና ረጅም ጓንት ሳላደርግ አልነካውም፤ ዓይን ላይ ቢረጭ ከአሲድ የባሰ ጉዳት የሚያደርስ ነው።

ብየዳ የሚሠራው ጎረቤቴ «ለምን ስቴንለስ አታደርገውም፣ እኔ ቁራጩን በነጻ እሰጥሃለሁ» አለኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩት። ስቴንለስ አኖድ ላይ ሲውል በውስጡ ያለው ክሮሚየም እየተበላ ፈሳሹን ቢጫ ያደርገዋል፤ ያ ቢጫ ደግሞ ክሮሜት፣ ማለትም ካንሰር በማምጣት የሚታወቀው የክሮሚየም ዓይነት ነው። በለበጣ ሥራ ከእርሱ ጋር ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ወደ ቤቴ በፈቃዴ አላስገባውም።

ጥቅምት 19 ቀን

የመጀመሪያው ፍተሻ። በሁለቱም በኩል ያልተለበጠ ንጹሕ ኒኬል አድርጌ 2 አምፔር ለቀቅኩ። የሃይድሮጅኑን ቱቦ ውኃ ሞልቶ በተገለበጠ የመስፈሪያ ብርጭቆ ሥር አስገብተን ለ10 ደቂቃ ሰበሰብን። ቴክኒክና ሙያ የሚማረው የእህቴ ልጅ ሰዓቱን ይዞ ነበር። የተሰበሰበው 200 ሚሊ ሊትር ነው። ልጁ በደብተሩ አስልቶ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ በስሌቱ 150 ነው መውጣት የነበረበት። በሠላሳ ሦስት በመቶ በለጥን!»

«ከምንም ምንም አይገኝም። የትኛውን የአየር ግፊት ነው የወሰድከው?»

መጽሐፉ ላይ ያለውን ወስዷል፤ 101.3 ኪሎ ፓስካል፣ የባሕር ጠለልን። እኛ ግን የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ነው። በስልኬ ያለው የአየር ግፊት መለኪያ 76.5 ይላል። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም፣ ባቄላ ከቆላ ይልቅ እዚህ ለመብሰል የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጋዙ በውኃ ላይ ስለተሰበሰበ ደግሞ ከውስጡ 2.3 ኪሎ ፓስካል የሚሆነው የውኃ እንፋሎት ድርሻ ነው፤ ለሃይድሮጅኑ የሚቀረው 74.2 ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በ2 አምፔርና በ10 ደቂቃ መውጣት ያለበት 0.0062 ሞል ሃይድሮጅን በዚህ ግፊት 204 ሚሊ ሊትር ቦታ ይይዛል። ስለዚህ 200 ያገኘን ሰዎች ያገኘነው 98 በመቶ ነው፤ የቀረው በቱቦው መጋጠሚያ ወይም በጨርቁ በኩል አምልጧል። ልጁ ትንሽ ከፍቶት ነበር። እኔ ግን ለመጀመሪያ ቀን ከዚህ የተሻለ አልመኝም፤ የሠራነው ዕቃ ብዙም አያፈስም፤ የአምፔር መለኪያውም አይዋሽም።

ጥቅምት 24 ቀን

የባዶው ኒኬል ቮልት ጠዋት 2.33፣ ከሰዓት በኋላ 2.28 ሆኖ ሦስት ቀን ሙሉ አስቸገረኝ። ምክንያቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ጠዋት ክፍሏ 13 ዲግሪ፣ ከሰዓት ደግሞ 23 ዲግሪ ትሆናለች፤ ፈሳሹ በሞቀ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል። ይህ ካልተስተካከለ የጥቅምትን ብርድ ከካታሊስት ብልጫ መለየት አይቻልም። ሳጥኑን በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጬ ውኃውን 25 ዲግሪ ላይ ማቆየት ጀመርኩ። ከእንግዲህ የሚጻፍ ቮልት ሁሉ በ25 ዲግሪና በ2 አምፔር፣ በራሱ በሳጥኑ ጫፎች ላይ የተለካ ነው። መነሻው 2.27 ቮልት ሆኗል፤ በኪሎ ግራም ሃይድሮጅን 60.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው።

ጥቅምት 30 ቀን

ሞሊብዲነም ብቻውን ከውኃ ሙሙት ውስጥ በብረታ ብረትነቱ አይለበጥም። ከኒኬል፣ ከኮባልት ወይም ከብረት ጋር ሲሆን ግን እነርሱን ተከትሎ ይወርዳል። የለበጣው ፈሳሽ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 70 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 10 ግራም ሶዲየም ሞሊብዴትና 90 ግራም ያህል ሶዲየም ሲትሬት ያለበት ነው። ሲትሬቱ ኒኬሉን ይዞ በአልካላይ ውስጥ እንዳይዘቅጥ ይጠብቀዋል። አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲደረግበት፣ መጀመሪያ እንደ ጎመን ውኃ አረንጓዴ የነበረው ፈሳሽ ከዳር ጀምሮ እየተለወጠ ይሄድና ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናል። በ9.5 ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ላይ አቆምኩ። ሽታው ዓይን ያስነባል፤ በር ተከፍቶ ነው የሚሠራው።

በ1.6 አምፔር ለግማሽ ሰዓት ለበጥኩ። ሲወጣ እንደ ከሰል አመድ የጠቆረ፣ የማያብረቀርቅ ልብጥ ነበረው። በጣቴ ስነካው ጥግ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተነሣ። የሃያ ዓመት ለባጭ ነኝ የምል ሰው በዚህ ማፈር አለብኝ፤ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ በአልኮል ጠርጌ ብቻ አስገብቼው ነበር።

ኅዳር 3 ቀን

ዛሬ እንደ ሙያው ሠራሁት። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ በሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ስቡ ለቀቀ፤ ታጥቦ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለሁለት ደቂቃ ተነከረ፤ እንደገና ታጠበ። መፈተኛው አንድ ነው፦ ላሜራው ከውኃ ሲወጣ ውኃው ሳይቆራረጥ እንደ መስታወት ፊቱን ሁሉ ከሸፈነው ንጹሕ ነው፤ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከተሰበሰበ ግን ስብ አለበት። ፊቱ ሳይደርቅ ወዲያው ወደ ፈሳሹ ገባ።

ልብጡ አልተነሣም። በወርቅ ሚዛን ስመዝነው ከአንድ ግራም አንድ አምስተኛ ያህል ጨምሯል፤ ከለቀቅኩት አምፔር አንጻር ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ኃይል እዚያው የለበጣው ፈሳሽ ውስጥ ሃይድሮጅን በማውጣት አልቋል። ይህም ለእኔ መጥፎ ወሬ አይደለም፤ ለለባጭ ጠላት የሆነው ይህ ጠባይ ለካቶድ መልካም ምልክት ነው።

ከአንድ ፈሳሽ በተከታታይ አራት ካቶድ አወጣሁ፤ ቁጥርም ሰጠኋቸው። የታጠበበትን ውኃ ወደ ቦይ አላፈሰስኩም። የኒኬል ጨው ለቆዳ አለርጂ፣ ለሳንባ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። በበርሜል ተጠራቅሞ በሶዳ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም ደርቆ ይቀመጣል።

ኅዳር 8 ቀን

ካቶድ 1፣ አኖዱ ባዶ ኒኬል እንደሆነ፣ 2.03 ቮልት። ከመነሻው 0.24 ቮልት ወርዷል። የአረፋው መልክም ተለውጧል፤ በባዶው ኒኬል ላይ ሰናፍጭ የሚያህሉ አረፋዎች ተጣብቀው ቆይተው ነበር የሚለቁት፤ በቅይጡ ላይ ግን አረፋው እንደ ወተት ጉም ደቅቆ ያለማቋረጥ ይነሣል።

ኅዳር 12 ቀን

ዛሬ አልተሠራም። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከንጋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ እየተጠረገ ይቃጠላል፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰውን ከፈጀ ወዲህ የቀጠለ ልማድ ነው። የግቢው ባለቤት የሆኑት እማማ ከአጥሩ ሥር ክምራቸውን ሊለኩሱ ሲሉ ወደ ክፍሏ አይተው «ልጄ፣ ያ ነገርህ አይፈነዳብንም ወይ?» አሉኝ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝግ ነው እማማ፤ ጋዝም አላስቀመጥኩም» አልኳቸው። እውነትም ነው፤ እዚህ ጋዝ አይጠራቀምም፤ ተለክቶ በመተንፈሻው ይለቀቃል። እንዲያም ሆኖ በጭሱና በፍሙ መካከል ሃይድሮጅን የሚያወጣ ሰው ልብ ጎድሎታል።

ኅዳር 15 ቀን

ለአኖዱ ብዙ ሳላስብ፣ ለማነጻጸር ያህል ያንን «ሐሰተኛ» ላሜራ አስገባሁት፤ ይበላል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በሁለተኛው ሰዓት 1.97 ቮልት አሳየኝ። ከንጹሑ ኒኬል በ60 ሚሊ ቮልት ተሽሏል! መልቲሜትሩን ቀየርኩ፤ ያው ነው።

ነገሩ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት ተጽፏል። በ1987 እ.ኤ.አ. ኮሪጋን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በኒኬል ኦክሳይድ ላይ ያለች ጥቂት ብረት ኦክስጅን የሚወጣበትን ቮልት በብዙ እንደምትቀንስ አሳይቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ፈሳሹን ከብረት አጥርተው ሲሠሩ ኒኬል ለብቻው ለኦክስጅን ደካማ ካታሊስት እንደሆነ አረጋገጡ። ለብዙ ጊዜ የኒኬል ችሎታ ይባል የነበረው፣ ከሃይድሮክሳይዱ ጋር ሳይታወቅ የሚገባው የብረት ችሎታ ነበር ማለት ነው። ለኒኬል ባትሪ ሠሪዎች ይኸው ብረት ያለ ቦታው ኦክስጅን እያስወጣ ባትሪውን የሚያዳክም መርዝ ነው። ለእኛ ግን መድኃኒት ሆነ። የእኔ ሐሰተኛ ላሜራ ከጫፉ በኩል ብረት እያዋጣ ነበር።

ነጋዴውን ግን ይቅር አላልኩትም።

ኅዳር 21 ቀን

ብረቱን ከላሜራ ጫፍ በልመና ከማግኘት ለክቶ መስጠት ይሻላል። የእህቴ ልጅ ከመድኃኒት ቤት የደም ማነስ ክኒን እንግዛ ብሎ ነበር፤ እውነት ነው፣ ክኒኑ ፌረስ ሰልፌት ነው፤ ነገር ግን ከስኳሩና ከቀለሙ ጋር የሚገባውን ነገር አላውቅም። ስለዚህ ዘይቱ የተጠረገ የአናጢ ሚስማር ቀጥኖ በተቀመመ የባትሪ አሲድ ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት ሚስማሩ ሳስቶ፣ ፈሳሹ የገደል ውኃ ዓይነት ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኗል። ካጣራሁት በኋላ፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ኒኬል አንዱ ብረት እንዲሆን ከኒኬል ሰልፌት ጋር ቀላቅዬ በንጹሕ የኒኬል ላሜራ ላይ በአነስተኛ አምፔር ለበጥኩ። የተገኘው ስስ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቢጫ ልብጥ ነው፤ ለዓይን ዝገት ይመስላል።

ካቶድ 1 ከዚህ አኖድ ጋር፦ 1.89 ቮልት። በኪሎ ግራም 50.3 ኪሎ ዋት ሰዓት። ከመነሻው በኪሎ ዐሥር ኪሎ ዋት ሰዓት ወረድን። ዛሬ ማታ ልጁን ጥብስ ጋበዝኩት።

ኅዳር 29 ቀን

ሳጥኑ ያለማቋረጥ እንዲሠራ ትቼው ከተኛሁ ሰባተኛ ሌሊቴ ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ሲነጋ 12 ሰዓት ላይ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ፈሳሹ ውስጥ ኤሌክትሮዶቹ ዝም ብለው ቆመዋል። ጠዋት 25 ዲግሪ እስኪሆን ጠብቄ ስለካው 1.98 ቮልት አነበብኩ። ትናንት ማታ 1.89 ነበር። ከካቶዱ ሥር በሳጥኑ ወለል ላይ እንደ ጥላሸት የደቀቀ ጥቁር ዱቄት ተኝቷል።

የሆነው እንዲህ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ሳጥኑ ራሱ ባትሪ ይሆናል፤ በአኖዱ ላይ ኦክስጅን የያዘ የኒኬል ኦክሳይድ፣ በካቶዱ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን አለ። ሁለቱ በፓወር ሰፕላዩ (ለሳጥኑ ኃይል በሚሰጠው ዕቃ) ውስጣዊ መስመር በኩል እየተያያዙ አምፔሩን ወደ ኋላ ይነዱታል። ካቶዱ ከተጠበቀበት ቮልት ላይ ይለቃል፤ ሞሊብዲነሙ ኦክሳይድ ሆኖ፣ ከዚያም ሞሊብዴት ሆኖ በአልካላዩ ውስጥ ይሟሟል። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሙሙት ውስጥ በኃይል ጎትቼ ያወረድኩት ነገር፣ መብራት ሲጠፋ ተመልሶ ወደ መጣበት ሄደ።

ስለዚህ የኅዳር 21ዱ ቁጥር መብራት በማይጠፋበት አገር የሚሠራ ቁጥር ነው። እዚህ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። ካታሊስትን አንድ ጊዜ ብቻ ለክቶ ጥሩ ነው ማለት፣ በሬን ገበያ ላይ ቆሞ አይቶ ያርሳል እንደማለት ነው።

ታኅሣሥ 9 ቀን

መጥፋትን እንደ አንድ መለኪያ ወሰድኩት። አንድ ሰዓት ማስሠራት፣ አንድ ሰዓት ማጥፋት፤ ይህ ዐሥር ጊዜ። ከአንድ ፈሳሽ የወጡትን የቀሩትን ሦስት ካቶዶች ለዚህ አዋልኩ፤ አኖዱ ሁልጊዜ የኒኬልና የብረቱ ነው።

ካቶድ 2 ምንም ሳይደረግለት ከፓወር ሰፕላዩ ጋር እንደተያያዘ ሲጠፋ ከ1.89 ወደ 2.01 ወጣ። ካቶድ 4 በጠፋ ቁጥር ሽቦው ከተነቀለ፣ ማለትም አምፔሩ ወደ ኋላ የሚሄድበት መንገድ ከተዘጋ፣ በ1.95 ቆመ። ያልተለበጠ ባዶ ኒኬል በካቶድነት 2.13 ነበር፤ ከዐሥሩ መጥፋት በኋላም ያው 2.13 ነው። የሚያጣው ነገር ስለሌለው አይጎዳም።

ከዚህ ሁለት ነገር አየሁ። ምንም ያልተጠበቀው ቅይጥ እንኳ ከዐሥር መጥፋት በኋላ ከባዶው ኒኬል ይሻላል፤ ግን ወደዚያው እያዘገመ ነው። ካቶድ 2ን እስከ ሃያ አምስት መጥፋት ብገፋበት 2.09 ደርሷል። መንገዱን መዝጋት ግማሹን ጉዳት ይከላከላል፤ የቀረው ግማሽ ግን ካቶዱ ያለ ኃይል በአልካላይ ውስጥ በመቆሙ ብቻ የሚመጣ ነው።

ታኅሣሥ 13 ቀን

የእህቴ ልጅ ዳዮድ እንግጠም አለ፤ አምፔሩ ወደ ኋላ እንዳይሄድ በራሱ ይዘጋልና። ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዳዮዱ ሥራ ላይ ሳለ በውስጡ 0.4 ቮልት ገደማ ይበላል። በካታሊስት 0.38 ቮልት ለማዳን ሁለት ወር የደከመ ሰው በአንድ ዳዮድ መልሶ ሊያፈሰው አይገባም። ብዙ ሳጥን በተከታታይ በተያያዘበት ትልቅ ተከላ ላይ ብክነቱ ለሁሉም ስለሚከፋፈል አይከብድም፤ በአንድ ሳጥን ላይ ግን ሞኝነት ነው።

ያደረግነው ይህን ነው። በመብራት የሚያዝ ሪሌ፣ ማለትም መስመር በራሱ የሚቀይር ማብሪያ ማጥፊያ፣ ገጠምን። መብራት ሲጠፋ ሪሌው ሳጥኑን ከፓወር ሰፕላዩ ነቅሎ ከ12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር በ330 ኦም ረዚስተር በኩል ያገናኘዋል። በዚያ በኩል የሚያልፈው 32 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ ከሥራው አምፔር ስልሳ እጅ ያነሰ ቢሆንም ካቶዱን ሃይድሮጅን ከሚወጣበት ቮልት ላይ ሳይለቅ ያቆየዋል። ባትሪው የ7 አምፔር ሰዓት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከሳምንት በላይ ይበቃል። ባትሪው የልጁ ነው፤ ሞተሩ ጋራዥ ገብቶ ስለቆመ አውሶኝ ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን

ካቶድ 3፣ በሪሌውና በባትሪው ተጠብቆ፣ ከዐሥር መጥፋት በኋላ 1.90። ወለሉ ላይ ዱቄት የለም።

ታኅሣሥ 27 ቀን

የገናን ሰሞን ሳጥኑን ሌት ተቀን ለቅቄው ነበር። ትናንት ማታ እኔ ሳልሆን መብራት ኃይል ራሱ ፈተነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠፋ። በጨለማ ገብቼ ፊቴን ወደ ሳጥኑ ሳስጠጋ ካቶዱ ፊት ቀጭን የጭስ ያህል አረፋ በቀስታ ሲነሣ በባትሪ ብርሃን አየሁ። በሌሊቱ ሙሉ የወጣው ሃይድሮጅን በስሌት 215 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሥራ ላይ በዐሥር ደቂቃ ከሚወጣው ብዙም አይበልጥም፤ ለመተንፈሻው ምንም አይደለም። ከባትሪው የሄደው 0.35 አምፔር ሰዓት ነው። ጠዋት በ25 ዲግሪ፣ 1.90 ቮልት።

ጥር 7 ቀን

የልጁ ሞተር ከጋራዥ ስለወጣ ባትሪውን መለስኩለት፤ በምትኩ ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝቼ ገጠምኩ። በመካከሉ ያለ ባትሪ ባደረችበት አንዲት ሌሊት መብራት አለመጥፋቱ ዕድል ነው። በካቶድ 3 ላይ የታሰረውን ወረቀት ቀየርኩት፤ አዲሱ እንዲህ ይላል፦ የሥራ ሰዓት 412፣ መጥፋት 16፣ ቮልት 1.91።